መሬቱ ይቅደም፣ ገንዘቡ ሥራውን ይከተል፦ ስለ መንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ማኅበራት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

በከተማችን የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጉዳይ ለሚመራው መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ በ45 ቀን ውስጥ ተጨማሪ ቁጠባ ያላስገባ ማኅበር ከመሬት ተራው ይሰረዛል የተባለው ውሳኔ እንዲታገድና አሠራሩ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኛ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በልደታ አካባቢ ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት የሚሠሩ ሠራተኞች ያቋቋሟቸው የመኖሪያ ቤት ማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ነን። አባሎቻችን መምህራን፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ሒሳብ ሠራተኞች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ጥበቃዎች ናቸው። ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣነው በየማኅበራችን በተናጠል ያስገባነው አቤቱታ መልስ ስላላገኘ ነው።

ባለፈው ወር ከቢሮዎ የደረሰን ደብዳቤ ሦስት ነገር ይላል። የግንባታው የካሬ ሜትር ግምት ተከልሷል። እያንዳንዱ አባል የአዲሱን ግምት ግማሽ በዝግ ሒሳብ ያሟላ። በ45 ቀን ውስጥ ያላሟላ ማኅበር ተራው ለሌላ ይተላለፋል። ከተመሠረትን ወዲህ ግምቱ ሲከለስ ይህ ሦስተኛው ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከመካከላችን መሬት የተረከቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ተራ እየጠበቁ ነው። አባሎቻችን በየስብሰባው የሚጠይቁን ገንዘቡን ከየት እናምጣ ብለው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ስንከፍል መሬቱ የት ነበር ይሉናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንሰጠው እኛ አይደለንም።

የቅሬታችን ሥር አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

አሁን አንድ ማኅበር የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። አባላቱ በስማቸው ቤት እንደሌለ የሚያስረዳ ማስረጃ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ያመጣሉ፤ የጋብቻ ወይም ያላገቡ ስለመሆናቸው ማስረጃ፣ የመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤና የፋይዳ ቁጥር ያያይዛሉ። ጠቅላላ ጉባዔ ተጠርቶ መተዳደሪያ ደንብ ይጸድቃል፣ ቃለ ጉባዔ ይፈረማል፣ ማኅበሩ ተመዝግቦ የሕጋዊ ሰውነት ምስክር ወረቀት ይወስዳል። ከዚያ ባንክ ዝግ ሒሳብ ይከፈትና የግምቱ ግማሽ በአንድ ጊዜ ገብቶ ይቆለፋል። ከዚያ መሬት ይጠበቃል። የአፈር ምርመራው፣ ዲዛይኑ፣ የፕላን ስምምነቱ፣ የግንባታ ፈቃዱና የተቋራጭ ጨረታው የሚመጡት መሬቱ ከተገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሚቆምበት አፈር ሳይታወቅ፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ ዋጋው ተወስኖ ገንዘቡ ተቆልፏል ማለት ነው። ግምቱ ሦስት ጊዜ መከለሱ ሊያስገርም አይገባም፤ መጀመሪያውኑ የቆመው በምንም ላይ አልነበረም።

ይህ በአባሉ ኪስ ላይ ምን እንዳደረገ በአንድ ማኅበር ሒሳብ እናሳይ። ማኅበሩ 32 አባላት አሉት። ለእያንዳንዱ 55 ካሬ ሜትር የተጣራ ቤት፣ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ሲታከልበት 66 ካሬ ሜትር ታቀደ። የመጀመሪያው ግምት በካሬ 20,000 ብር ነበር፤ የአንድ ቤት ዋጋ 1,320,000፣ ግማሹ 660,000 ብር። አባላቱ ይህን ያስገቡት ከመሥሪያ ቤታቸው ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረው፣ ዕቁብ ቀድመው ወስደው፣ ከዘመድ አሰባስበው ነው። ገንዘቡ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ዝቅተኛውን የ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢያገኝ፣ የወለድ ግብሩን ሳንቀንስ፣ 808,500 ብር ገደማ ይደርሳል። አዲሱ ግምት በካሬ 42,000 ብር ሆኗል። የአንድ ቤት ዋጋ 2,772,000፣ ግማሹ 1,386,000 ብር ነው። ስለዚህ አንድ አባል በ45 ቀን ውስጥ 577,500 ብር ገደማ ያምጣ ተብሏል።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር ሠንጠረዥ 2,100 ብር ግብር፣ በ7 በመቶ 805 ብር ጡረታ ሲቀነስ እጁ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። የተጠየቀውን ልዩነት ለማሟላት ይህ ሰው የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ሳይበላ፣ ልጅ ሳያስተምር 67 ወር ደመወዙን ማጠራቀም አለበት። የተሰጠው 45 ቀን ነው።

ዋጋው ለምን እንደናረ እናውቃለን፣ ቢሮው አናረው አንልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የፌሮ ጥሬ ዕቃ፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ አልሙኒየሙ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከዚያም በፊት በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ እየታየ ገንዘባችን 7 በመቶ በሚያስገኝ ሒሳብ መቆለፉ ግን የአሠራር ውጤት ነው። ዋጋው ሲንር መከላከያ ሊሆነን ይችል የነበረው ገንዘብ ተቆልፎ ስለቆየ፣ የንረቱን ዕዳ የተሸከመው መሬቱን ያዘገየው ወገን ሳይሆን አስቀድሞ የከፈለው አባል ሆነ።

መሬቱ በጊዜው ቢሰጥ ኖሮ በዚያው ገንዘብ ምን ይሠራ እንደነበር የምናውቀው ስለሆነ ነው አጥብቀን የምንናገረው። 32ቱ ቤቶች ባንድ ላይ 2,112 ካሬ ሜትር ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ለአርማታው ብቻ ወደ 3,000 ኩንታል ሲሚንቶ እና ወደ 1,500 ኩንታል ፌሮ ይገባል። መሠረት፣ ኮለን (ምሰሶ)፣ ቢም (አግድም ተሸካሚ) እና ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ)፣ ማለትም የሕንፃው አጽም፣ ከጠቅላላው ወጪ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይወስዳል። የመጀመሪያው 50 በመቶ በመጀመሪያው ዋጋ አጽሙን እስከ ጣሪያ ያቆም ነበር። ግንባታው ባይጀመር እንኳ ፌሮውን ገዝቶ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ሸፍኖ ማቆየት ይቻል ነበር። ሲሚንቶ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ይቋጠራል። ስለዚህ ቢሮው ፌሮ እንድንገዛ ሒሳቡን ይክፈትልን ስንል ሁሉንም ዕቃ አስቀድመን እናከማች ማለታችን አይደለም።

ብድሩስ? ከደመወዝ ላይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይቆረጥ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ገደብ አለ። የ11,500 ሲሶ 3,833 ብር ነው። ወለዱ 16 በመቶ፣ ዘመኑ 20 ዓመት ቢሆን ይህ ክፍያ የሚሸከመው ብድር 275,500 ብር ገደማ ነው። ወለዱ በድጎማ 9.5 በመቶ ቢሆን 411,000 ብር ይደርሳል። ባልና ሚስት ሁለቱም እኩል ደመወዝ ቢኖራቸው በ9.5 በመቶ 822,000 ብር ገደማ መበደር ይችላሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድታዩልን የምንለምነው ነገር አለ። በመጀመሪያው ግምት ቀሪው ግማሽ 660,000 ብር ነበርና እነዚህ ባልና ሚስት በሚመጥናቸው ወለድ ቤቱን መክፈል ይችሉ ነበር። በአሁኑ ግምት ቀሪው 1,386,000 ብር ስለሆነ በዝቅተኛው ወለድ እንኳ በወር 12,900 ብር ይጠየቃሉ፤ ከሁለቱ ደመወዝ ሲሶ ይህን አይችልም። መዘግየቱ ወጪ ብቻ አልጨመረም፣ ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ወደማይችሉበት ወሰን አሻገራቸው።

ዕድሜም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፣ ባንኩም ብድሩ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋል። የ48 ዓመት መምህርት ሃያ ዓመት አይሰጣትም፤ በ12 ዓመትና በ16 በመቶ ያው 3,833 ብር የሚሸከመው ወደ 245,000 ብር ብቻ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ በ2005 እንደገና ተመዝግበው፣ ሳይደርሳቸው ወደ ማኅበር የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ 35 ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ 56 ነው። አራት ዓመት ቀርቶታል። ለእሱ የሚቀጥለው ክለሳ ከቤት ባለቤትነት ተሰናበት ማለት ነው።

ወደ መሬቱ ጉዳይ እንለፍ።

መሬት ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የመንግሥት ነው፤ ዘግይቶብናል ብለን ከሌላ ሻጭ የምንገዛበት መንገድ የለም። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለራስ አገዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታ መሬት ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ በር ከፍቶ ነበር። በሩ አለ፣ መግቢያ ቀኑ ግን የትም አልተጻፈም። ማኅበሩ 45 ቀን ሲሰጠው፣ መሬት የሚያቀርበው ወገን አንድም ቀን አልተቆጠረበትም።

መሬት የደረሳቸው ማኅበራትም ችግር አልቀረላቸውም። አንዱ ማኅበር 24 በ30፣ ማለትም 720 ካሬ ሜትር ተረከበ። አፈሩ ተመረመረ፣ ዲዛይኑ ተሠራ፣ ለአማካሪው ተከፈለ። ለፕላን ስምምነት ሲቀርብ የመንገድ ማስፋፊያ መስመር ከፊት በኩል 6 ሜትር እንደሚወስድ ተነገረው። የቀረው 576 ካሬ ሜትር ነው። የአባላቱ ቁጥር ያው ስለሆነ ሕንፃው ሁለት ፎቅ ወደ ላይ መጨመር ነበረበት፤ ያ ደግሞ የመሠረቱን ስሌት፣ የኮለኑን ውፍረት፣ የፌሮውን መጠን ሁሉ ለወጠ። የመንገዱ መስመር በቢሮው ካርታ ላይ ርክክቡ ከመደረጉ በፊትም ነበረ። ቀያሹ ችካል ሲተክል የታየው የቦታው ይዞታ እንጂ የከተማው ፕላን አልነበረም። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ሌላው ማኅበር የደረሰው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያልተዘጋጀለትን መሠረት ያነሳዋል። ጠንካራው መሬት የተገኘው 6 ሜትር ወርዶ ነው። ያን ያህል መቆፈር፣ አፈሩን ማስወጣት፣ በጠጠርና በተመረጠ አፈር ደልድሎ መጠቅጠቅ በግምቱ ውስጥ አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ሁለት ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ ናሙና ማውጣት ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ከርክክብ በፊት ቢደረግ ማኅበሩ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ቢሮውም የማይሆነውን ቦታ ለሌላ አገልግሎት ያውለዋል።

ጊዜውም ይታሰብበት። አንዳንድ ማኅበራት መሬት የተረከቡት በሰኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መሠረት የሚቆፍር ሰው ጉድጓዱ ውሃ ይሞላበታል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ፓምፕ ሲከፍል ይከርማል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተሰጠ መሬት ግን በበጋው መሠረቱን ጨርሶ ክረምቱ ሲመጣ ሁለት ሦስት ሶሌታ ላይ ይደርሳል። አንድ ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ድጋፉ ሦስት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይገባዋል፤ ስለዚህ ከወር ባነሰ ጊዜ አንድ ፎቅ እናወጣለን የሚል ተቋራጭ ሲመጣ ማኅበራችን ይጠራጠር።

በመሃል ከተማ መሥራት ለምን እንደምንፈልግ በአጭሩ እንበል። የሌሊት ተረኛ ነርስ ምሽት አንድ ሰዓት ተረክባ ጠዋት አንድ ሰዓት የምታስረክበው ልደታ ወይም አራት ኪሎ ነው። ከከተማው ጠርዝ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ስትመላለስ የምታወጣው ገንዘብና ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ ሲጀመር፣ ከግለሰብ ተከራይቶ ይኖር የነበረ ሠራተኛ ግቢው ሲፈርስ ምትክ የሚጠይቅበት ስም አልነበረውም። ይህ ሠራተኛ ነው አሁን በማኅበር ተደራጅቶ በራሱ ገንዘብ ልሥራ የሚለው።

መሃል ከተማ ግን የራሱ ወጪ አለው። ኮንዶሚኒየሞቹ በአብዛኛው በጂ+4 የቆሙት ያለ ሊፍት መኖር ስለሚቻል ነው። በመሃል ከተማ የሚፈለገው ከፍታ ከዚያ ያልፋል፤ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ መግፊያና የእሳት መከላከያ ይከተላሉ። ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከፍተኛ በሆነው ምድብ ሐ ተመድቧልና የባለሙያና የቁጥጥር መስፈርቱ ይከብዳል። መክበዱ ተገቢ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ ላለ ብዙ ሰው ተሰምቶታል። የምንለው፣ ይህ ሁሉ በካሬ ሜትር ግምቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ ነው። አሁን ግምቱ ሕንፃውን ብቻ ነው የሚያየው። የ32 ቤት ምጣድ አንድ ላይ ቢለኮስ፣ አንዱ 3.5 ኪሎ ዋት ቢስብ፣ 112 ኪሎ ዋት ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ባይጋግርም ከሊፍቱና ከፓምፑ ጋር ሲደመር የሰፈሩ ነባር ትራንስፎርመር አይችለውም። 32 ቤተሰብ በአምስት በአምስት ሰው፣ ለሰው በቀን 80 ሊትር ቢታሰብ 12,800 ሊትር ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሦስት ቀን ማጠራቀሚያ 38 ሜትር ኩብ ይሆናል። ትራንስፎርመሩ፣ የውሃ መስመሩና የፍሳሹ ማገናኛ ለማኅበሩ የሚነገሩት ልስን ሲያልቅ ነው።

በተቋራጭ በኩል የደረሰውን ስንናገር የራሳችንን ጥፋት አንደብቅም። አንድ ማኅበር 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፈለ። ተቋራጩ ሁለተኛውን ሶሌታ ሞልቶ ሥራውን አቆመ። ማኅበሩ የቅድመ ክፍያ ዋስትናውን፣ ማለትም ተቋራጩ ሥራውን ቢተው ባንኩ ቅድመ ክፍያውን እንዲመልስ የገባበትን ሰነድ፣ ይዞ ባንክ ሲሄድ ጊዜው ካለፈ 19 ቀን ሆኖታል ተባለ። ዋስትናው በገንዘብ ያዡ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የሚያልቅበትን ቀን የመዘገበ አልነበረም። ለተሠራው ሥራ ከሚፈረሙት የክፍያ ሰርተፍኬቶችም ላይ ቅድመ ክፍያው በየጊዜው መቀነስ ሲገባው አልተቀነሰም። ኮሚቴው መምህራንና ነርሶች ናቸው፣ ምሽትና ቅዳሜ የሚሠሩ፣ አበል የሌላቸው። በመካከላቸው አንድ መሐንዲስ የለም። እኛ አሁን ለአባል ማኅበራት የምናስተምረው ይህን ነው፦ የዋስትናውን ማብቂያ ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ከማብቃቱ 30 ቀን በፊት በደብዳቤ ይታደስ በሉ፣ ካልታደሰ በጊዜው ውስጥ ባንኩን ጠይቁ። ፌሮ ሲገባ በሚዛን ተቀበሉ፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር 12 ሜትሩ 10.66 ኪሎ፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር 18.96 ኪሎ መሆን አለበት፣ በግልጽ ከቀለለ ቀጭን ፌሮ ተሽጦላችኋል። አርማታ በሚሞላበት ቀን ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ ኪዩብ ናሙና ውሰዱ፣ ጥንካሬው እንዲታወቅ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበር፤ ውጤቱ ሳይመጣ ለዚያ ፎቅ ሙሉ ክፍያ አትፈርሙ። የተሞላው አርማታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ይህን ለማስከበር ግን በሳይቱ የሚውል ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፣ ለአንድ ማኅበር ብቻውን ከባድ ወጪ ነው። ቢሮው አንድ መሐንዲስ ለአምስት ለስድስት ማኅበር ቢመድብ ወጪውን ለመጋራት ዝግጁ ነን።

የኦዲቱም ነገር እንዲሁ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሒሳባችን በየጊዜው መመርመር አለበት። ኦዲተር እንዲላክልን በጽሑፍ ጠይቀን ሁለት በጀት ዓመት ያለፈን ማኅበራት አለን። በየማኅበሩ የሚሰማው የጎንዮሽ ወሬ፣ ሰብሳቢው በላ፣ ኮሚቴው ሸጠው የሚለው፣ የሚበረክተው ኦዲት ከሌለበት ነው። ጥፋተኛ ካለ ይጠየቅ፣ ንጹሕ ካለ በወረቀት ይታወቅ።

አባል ሲሞት፣ ሲፋታ ወይም ወደ ክልል ሲዛወር ያለው አሠራር ደግሞ በየመስኮቱ ይለያያል። አንዲት የሟች ሚስት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታ መጣች፤ በሟቹ ቦታ ልትተካ አንድ መስኮት ፈቀደላት፣ ሌላው አዲስ ምዝገባ ነው ብሎ ከለከላት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተቆጠበው ገንዘብ የጋራ ነው። ሰው የቆጠበውን ያህል መብት ለቤተሰቡ ሊያልፍ ይገባል። አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃው ነበር።

ተጨማሪ እሴት ታክስም ሳይነሳ አይታለፍ። ለተቋራጩ በምንከፍለው ላይ 15 በመቶ ይታከላል። ለትርፍ የማይሠራ፣ ቤት ለሌለው አባሉ አንድ ቤት ብቻ የሚሠራ ማኅበር እንደ ማንኛውም ነጋዴ ደንበኛ ይከፍላል፤ ነጋዴው ግን የከፈለውን ያቀናንሳል፣ እኛ የምናቀናንስበት የለንም። ይህ በቢሮው ሥልጣን ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማቅረብ ግን በቢሮው እጅ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

1. የ45 ቀኑ ውሳኔ ይታገድ። መሬት ያልተረከበ ማኅበር በግምት ክለሳ ምክንያት ከተራው አይሰረዝ።

2. ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ማኅበር ሲመዘገብ ለአፈር ምርመራና ለዲዛይን የሚበቃ 10 በመቶ ያስገባ፤ መሬት ይሰጠው፤ ግምቱ በዲዛይኑ ላይ ይሠራ። ከዚያ መሠረቱ ሲጀመር 20 በመቶ፣ ቀሪው የቁጠባ ድርሻ አጽሙ እየወጣ በየሦስት ወሩ ይግባ።

3. አስቀድመው የግምቱን ግማሽ ላሟሉ ማኅበራት ግዴታቸው እንደተፈጸመ ይቆጠርላቸው፤ መሬቱ እስኪመጣ ከዝግ ሒሳቡ ላይ በቢሮው ፊርማ ፌሮ እንዲገዙ ይፈቀድ።

4. ለመሬት አቅርቦትም ቀን ይቆረጥ። ርክክቡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይሁን፤ ችካል ከመተከሉ በፊት የመንገድ፣ የወንዝ ዳርና የኤሌክትሪክ መስመር ክልል በፕላኑ ላይ ታይቶ በርክክቡ ሰነድ ላይ ይፈረም፣ የአፈር ምርመራ ውጤትም ይያያዝ። ከርክክብ በኋላ ለሚመጣ የመስመር ለውጥ የዲዛይን ወጪውን መስመሩን የለወጠው ወገን ይሸፍን።

5. ሕንፃው አጽሙ፣ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ የውሃና የመብራት ዋና መስመሩ ሲያልቅ አባሉ ገብቶ ውስጡን እንደ አቅሙ እንዲጨርስ ይፈቀድ። ወለሉን፣ ቁም ሳጥኑንና የውስጥ በሮቹን ለአባሉ መተው ብቻ የመጀመሪያውን ሸክም በብዙ ያቀለዋል። በምድር ቤቱ የሚሠሩ ሱቆች በማኅበሩ ስም ይሁኑ፤ ኪራያቸው ለሊፍቱ ጥገናና ለደካማ አባላት የብድር ክፍያ ይዋል።

6. ቢሮው ከባንኮች ጋር ተነጋግሮ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚመጥን ወለድ ያስወስን። ጡረታ የቀረበ አባል አብሮት የሚፈርም ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ካለው የብድር ዘመኑ በእነሱ ዕድሜ ይታሰብ።

7. ለማኅበራቱ በጋራ የሚያገለግሉ መሐንዲሶችና ኦዲተሮች ይመደቡ። አባል ሲሞት፣ ሲፋታና ሲዛወር የሚሠራበት አንድ ወጥ መመሪያ ይውጣ።

በዚህ ደብዳቤ የጠቀስናቸውን ማኅበራት ሰነዶች፣ የባንክ መግለጫዎችን፣ የርክክብ ወረቀቶችንና የአፈር ምርመራ ውጤቶችን ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን። የ45 ቀኑ ጊዜ ሳያልቅ የውይይት ቀን እንዲቆረጥልንና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

በመሃል አዲስ አበባ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ እንዲሁም የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ
ለማኅበራቱ አባላት በሙሉ